ከሕፃናት ጋር ኮምፖስት ስትሠሩ እንጀራውን አታስገቡ

ከመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ጋር ኮምፖስት (ከትራፊና ከጭድ የሚሠራ የብስባሽ ማዳበሪያ) ለመሥራት ያሰበ መምህር ጥቅምት ላይ ይጀምር። አዲስ አበባ ብርዳም ናት፤ በትንሽ ዕቃ ያለ ብስባሽ ስለማይግል ከሦስት እስከ አራት ወር ይፈጃል። ሚያዝያ ላይ የተጀመረ ሳይደርስ ትምህርት ይዘጋል።

ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አናቱን ቆርጬ፣ ታችና ጎኑን በጋለ ምስማር በሳሁት (ይህ ልጆች በሌሉበት ነው)። ከሥሩ ሁለት ጡብ፣ ከላዩ የወንፊት ጨርቅ። ከታች ጭድ፣ ከዚያ እርጥብ (ልጣጭና ትራፊ) እና ደረቅ (ጭድ፣ ካርቶን፣ ሰጋቱራ) እየተደራረበ ይሄዳል። ለአንድ ጣሳ እርጥብ ሁለት ወይም ሦስት ጣሳ ደረቅ። ስፍሩን ለልጆች ተዉላቸው፤ የሚወዱት እሱን ነው።

ጉዱ የመጣው ከእርጥቡ ነው። ሊያሠለጥኑን የመጡት ባለሙያ የምግብ ትራፊ በሙሉ ይገባል አሉን፤ በወረቀትም ሰጡን። የሕፃን ምሳ ዕቃ ትራፊ ምን እንደሆነ የጠየቀ የለም። ፍርፍር፣ ዘይት የጠጣ ፓስታ፣ ወጥ የነካው እንጀራ! ሁሉም ገባ። ሳምንት ሳይሞላ ሽታው ክፍል ድረስ መጣ፣ ዝንቡ ወረረን፣ ወላጅ አቤት አለ። እኒያው ባለሙያ ተመልሰው መጡና ንጽሕና ይጎድላችኋል ብለው ጻፉብን። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ነገሩ የንጽሕና አይደለም፣ የአየር ነው። እንጀራ ሲርስ እንደ ሊጥ ይጣበቅና ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍናል፤ ዘይቱም ጭዱን ይሸፍነዋል። አየር ሲያጣ መበስበሱ ቀርቶ ይኮመጥጣል። ይህ ከደረሰባችሁ አትድፉት። ጆንያ ላይ ገልብጡት፣ ወጥና እንጀራውን ልቀሙ፣ የቀረውን በእጥፍ ሰጋቱራ ለውሳችሁ መልሱት። ሽታው በጥቂት ቀን ይጠፋል። ሰጋቱራውን ከአናጺ ስትወስዱ የጣውላ መሆኑን አረጋግጡ፤ የቺፑድና የኤምዲኤፍ ከሆነ ሙጫ አለበት። የባሕር ዛፍ ቅጠልም ቶሎ ስለማይበሰብስ ይቅርባችሁ።

እኔ የማስገባው የሙዝና የብርቱካን ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላና የእንቁላል ቅርፊት ብቻ ነው። ልጆቹ ደግሞ ካርቶን በእጃቸው ይቦጫጭቃሉ። ፕላስተሩን ቀድማችሁ ላጡት፣ አለዚያ ጥር ላይ ከአፈሩ ስትለቅሙ ትውላላችሁ።

በየሳምንቱ በዱላ ይገላበጣል። ከዚያ ተረኛው ልጅ አንድ ጭብጥ አንሥቶ ይጨምቃል። ውሃ ከፈሰሰ ደረቅ ይጨመራል፤ ጠብ ጠብ ብቻ ካለ ልክ ነው፤ መዳፉ ሲከፈት ከተበተነ አንድ ኩባያ ውሃ ይረጭበታል። ሽታውንም እሱ ይፍረድ፦ የዝናብ አፈር ከሸተተ ደኅና፣ ሆምጣጤ ከሸተተ አየር አጥቷል። የአራት ዓመት ልጅ ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። እጅ በሳሙና መታጠብ ግን ግዴታ ነው።

ሲደርስ አንድ እጅ ብስባሽ ከሁለት እጅ አፈር ጋር ተቀላቅሎ በተቆረጠ ሃይላንድ ይሞላል፤ ታቹ መበሳት አለበት። ባለሙያው የሰጡን ወረቀት፣ ሰላጣ ቶሎ ስለሚደርስ እሱን ትከሉ ይላል። እኔ ጎመን ትከሉ እላለሁ፤ ያልጋለ ብስባሽ ጀርሙን ስለማይገድል፣ በስሎ የሚበላው ይሻላል።