ሕመም፣ ድባቴ እና የማሰብ አቅም

ዛሬ በባሕር ዳር፣ በጣና ዳር በሚገኘው የእግረኛ መንገድ ላይ ያገኘኋቸው ጎረቤታችን፣ ለዓመታት ካሠቃያቸው የወገብ ሕመም ይልቅ የጀመሩትን ወሬ መሐል ላይ መርሳታቸው እንደሚያስጨንቃቸው ነግረውኝ «እርጅና ነው» ብለው ደመደሙ። እኔ ግን ሁሉን በእርጅና ማሳበብ ይከብደኛል። ከ3 ወር በላይ የዘለቀ ሕመምም ሆነ ብዙ ጊዜ አብሮት የሚመጣው ድባቴ ትኩረትንና የማስታወስ ችሎታን ሊያዳክሙ ይችላሉ፤ አስቸጋሪው የትኛው የትኛውን እንዳመጣ መለየቱ ነው። የአንጎል ምስል በአብዛኛው የሚያሳየው ነገሮቹ አብረው መከሰታቸውን ሲሆን፣ ተመራማሪው አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1985 በእንግሊዟ ሼፊልድ ከተማ ያስተዋወቁት መግነጢሳዊ የአንጎል ማነቃቂያ ግን፣ ከራስ ቅል ውጭ በሚያዝ የሽቦ ጥቅል የአንድን የአንጎል ክፍል ሥራ ያለ ቀዶ ሕክምና ለአጭር ጊዜ ለውጦ፣ በትኩረትና በማስታወስ ፈተናዎች ላይ የሚከተለውን ልዩነት ለመለካት ያስችላል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 ለድባቴ ሕክምና ስትፈቅደው ዒላማው የግራው የፊት አንጎል ክፍል ነበር፤ ለሕመም በብዛት የሚሞከረው ደግሞ እንቅስቃሴን በሚያዝዘው ክፍል ላይ ነው። (አንዳንዶችን ለጊዜው ራሳቸውን ያማቸዋል፤ ሕመም ሊያስታግስ መጥቶ!) ከማነቃቂያው በኋላ ማስታወስ ቢሻሻል እንኳ፣ ለውጡ በቀጥታ የመጣ ይሁን ወይም ሕመሙና ስሜቱ ስለቀለሉ ለብቻው መጠየቅ አለበት፤ ተስፋ ብቻውን የሚያመጣውን ለውጥ ለመለየትም የመሣሪያውን ድምፅ እየሰማ እውነተኛውን ማነቃቂያ የማያገኝ የማነጻጸሪያ ቡድን ያስፈልጋል።