900 ሜትር ከነሻንጣው

ከባቡሩ ስንወርድ መሽቶ ነበር፤ ካፊያም ጀምሯል። የስልኬ ካርታ ከጣቢያው እስከ ሆቴሉ 900 ሜትር፣ በእግር 11 ደቂቃ ብሎ ስላሳየኝ፣ ለዚህች መንገድ ታክሲ አያስፈልግም ብዬ የወሰንኩት እኔ ነኝ። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ የሚያስቸግራት ደረጃ ላይ እንጂ ሜዳ ላይ አይደለም። «ትችይዋለሽ እማዬ?» ብላት «ይቺን ታህል መንገድ?» አለችኝ። ሁለት ባለ ጎማ ሻንጣና አንድ የትከሻ ቦርሳ ይዘናል።

ካርታው የቆጠረልኝ 11 ደቂቃ በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ለሚራመድና እጁ ባዶ ለሆነ ሰው መሆኑ የታወሰኝ፣ ከሐዲዱ ሥር ወደሚያልፈው መተላለፊያ የሚያስወርደው ደረጃ አናት ላይ ስደርስ ነው። አሳንሰሩ በር ላይ አይሠራም የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ደረጃው 34 ነው፤ ቁጥሩን የማልረሳው ሦስት ጊዜ ወርጄ ሁለት ጊዜ ስለወጣሁበት ነው። በመጀመሪያ አንዱን ሻንጣ አወረድኩ፤ ቀጥዬ ሌላውን፤ በመጨረሻ እናቴን ክንዷን ይዤ። ነብር፣ ፍየልና ቅጠል ወንዝ የሚያሻግረው ሰው የገጠመው እንቆቅልሽ ማለት ይህ ነው፤ ታች ብቻውን የቀረውን ሻንጣ ሳይ ላይ ያለችውን እናቴን አጣለሁ፣ እሷን ሳይ ሻንጣውን አጣለሁ። በመተላለፊያው ወዲያኛው ጫፍ ደግሞ ያንኑ ያህል ደረጃ ወደ ላይ ይጠብቀን ነበር። እናቴ በየአምስት ደረጃው ብረቱን ይዛ ትቆማለች፤ አንድም ጊዜ ግን አመመኝ አላለችም።

ወደ ውጭ ስንወጣ ስልኬ ያለንበትን ቦታ እስኪያገኝ ድረስ አቅጣጫ ማመልከቻው ዞሮ ዞሮ በተቃራኒው መንገድ መራን። አንድ መቶ ሜትር ያህል ሄደን ተመለስን።

ከዚያ በኋላ የገጠመን በድንጋይ የተነጠፈው የእግረኛ መንገድ ነው። የባለ ጎማ ሻንጣን ታሪክ ከዚያ ቀደም አንብቤ ነበር። በርናርድ ሳዶው የተባለ አሜሪካዊ ከቤተሰቡ ጋር ከዕረፍት ሲመለስ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ አንድ ሠራተኛ ከባድ ማሽን ጎማ ባለው ጠፍጣፋ ነገር ላይ አድርጎ በቀላሉ ሲገፋ አይቶ ሐሳቡ መጣለት፤ እ.ኤ.አ. በ1972ም የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘበት። ዛሬ የምንጎትተውን፣ ቀጥ ብሎ የሚቆመውንና ረጅም እጀታ ያለውን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1987 የሠራው ሮበርት ፕላዝ የተባለ አውሮፕላን አብራሪ ነው። ሁለቱም ሐሳቦች ከአየር ጉዞ የተወለዱ መሆናቸው ትርጉም የሰጠኝ በዚያች ምሽት ነው፤ በለሰለሰ ወለል ላይ እንዲሽከረከር የታሰበ ጎማ ከሎሚ አይበልጥም፤ ለእሱ አንድ ጣት የምታህል የድንጋይ ጠርዝ ግድግዳ ናት። ጎማው ሁለት ድንጋዮች መካከል በገባ ቁጥር ሻንጣው ክንዴን ወደ ኋላ ይጎትተኛል፣ እኔም ቆሜ አነሳዋለሁ። ጫማዎቹንና መጻሕፍቱን ከላይ በኩል፣ ልብሱን ከጎማው አጠገብ አድርጌ ስለነበር፣ ሻንጣውን ባዘነበልኩ ቁጥር ክብደቱ የሚያርፈው እጄ ላይ ነው።

ጥቂት እንደሄድን ደግሞ ሻንጣው ግራና ቀኝ መወዛወዝ ጀመረ። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ይህ ሲሆን መፍትሔው ፍጥነት መቀነስ ሳይሆን መጨመር፣ አለዚያም እጀታውን ወደ መሬት ዝቅ ማድረግ ነው። እናቴን ጥዬ መፍጠን ስለማልችል ጎንበስ ብዬ ጎተትኩ። ሆቴሉ በር ላይ ስንደርስ ከባቡሩ ከወረድን 50 ደቂቃ አልፎ ነበር፤ የእጀታው ጠርዝ መዳፌ ላይ ቀይ መስመር አስምሯል።

ከዚህ ሁሉ ያመመኝ ግን እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን እያወለቀች ያለችኝ ነው። «እኔም ሸክም ሆንኩብሽ» አለች። ሸክም የሆነው ደረጃው ነው፣ የተበላሸው አሳንሰር ነው፣ ርቀቱን ብቻ አይቼ የወሰንኩት ውሳኔ ነው ብዬ ብዙ ተናገርኩ፤ እሷ ግን ራሷን ነቅንቃ ዝም አለች። አንድ ጣቢያ ደረጃ ብቻ ሲኖረው፣ ጤነኛ ጉልበት የሌለውን ሰው ጥፋቱ የራሱ እንደሆነ ያሳምነዋል። ይህ እስካሁን ያናድደኛል።

በማግሥቱ ጠዋት የሆቴሉን እንግዳ ተቀባይ ስጠይቃት፣ ጣቢያው በጀርባው በኩል ሌላ መውጫ እንዳለውና ከዚያ መውጫ እስከ ሆቴሉ ድረስ አንድም ደረጃ እንደሌለ ነገረችኝ። መንገዱ 400 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ካርታው ያላሳየኝም አጭሩን ስለሚመርጥ ነው። ከመነሳታችን በፊት ስልክ ደውዬ «ሻንጣና አዛውንት እናት ይዤ ነው የምመጣው፣ በየትኛው በር ልውጣ?» ብዬ ብጠይቅ ኖሮ ሁለት ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። ዝናብ ስለነበረም ታክሲ መያዝ ነበረብኝ፤ ያተረፍኩት ገንዘብ ያን ደረጃ አያክልም።

በምንመለስበት ቀን ከሌሊቱ ጀምሬ ሻንጣዎቹን እንደ አዲስ አዘጋጀሁ፤ ጫማውና መጻሕፍቱ ወደ ጎማው በኩል ወረዱ። ባቡሩ ከመነሳቱ አንድ ሰዓት ቀድመን ወጣን። ረጅሙ መንገድ አስፋልት ነው፤ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝም በየማቋረጫው ዝቅ ተደርጓል። እጀታውን ልቀበላት ስል እናቴ እጄን ገፋ አድርጋ ሻንጣዋን ራሷ ጎተተች፤ እስከ ጣቢያው በርም አልሰጠችኝም።