የመጣሽበትን ታክሲ ማን ይከፍላል?

ጫማው 39 ነው፤ ልጅቷም ያዘዘችው 39 ነው። ሞተረኛው ሲኤምሲ ድረስ ወስዶ በሯ ላይ ብትለካው ሰፋት። ጠቡ ግን በጫማው አልነበረም፤ በ250 ብር የሞተር ሂሳብ ነው።

ሱቁ መርካቶ ያለ የሴቶች ጫማ ሱቅ ነው። ባለቤቱን ሁሉም ሰው «ጋሼ» ነው የሚላቸው። የቴሌግራም ቻናሉን የምትይዘው የእህታቸው ልጅ ናት። ያን ዕለት ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋው ስለነበር ሱቅ ውስጥ ያለ ሁሉ ሰማ።

«ይቅርታ፣ ሰፍቶኛል። አልወስደውም።»

«እሺ የኔ እህት፤ የሞተሩን ሂሳብ ብቻ ስጪው።»

«ላልወሰድኩት ዕቃ? መርካቶ መጥቼ፣ ለክቼ፣ አልሆነኝም ብዬ ብወጣ ታስከፍሉኛላችሁ?»

ጋሼ ይሄኔ ስልኩን ተቀበሉ። «መርካቶ የመጣሽበትን ታክሲስ እኔ ነኝ የምከፍልልሽ?»

«ጋሼ፣ ‹ነጻ ዴሊቨሪ› ብላችሁ የጻፋችሁት እኮ እናንተ ናችሁ!»

ጋሼ ዞር ብለው የእህታቸውን ልጅ አዩ። እሷ ጣሪያውን አየች። ሞተረኛው በመሃል «ኧረ ወስኑ፣ ሌላ ዕቃ ይዣለሁ» ይላል።

«ነጻ ዴሊቨሪ» የሚለውን ያስጻፈው አንድ የዲጂታል ማርኬቲንግ አሠልጣኝ ነው። «ዋጋ በኢንቦክስ»ም የእሱ ምክር ነበር፤ ሰው እንዲጠይቅ፣ ቻናሉም እንዲንቀሳቀስ ብሎ። ተንቀሳቀሰ። የእህታቸው ልጅ ቀኑን ሙሉ «ስንት ነው?» ለሚል መልእክት መልስ ስትጽፍ ትውላለች፤ ዋጋውን ሰምቶ ድምፁን የሚያጠፋው ደግሞ ይበዛል። አሠልጣኙ ስለ ኦንላይን ክፍያ ሊያስተምር መጥቶ የራሱን ሂሳብ በካሽ እንደተቀበለ ጋሼ እስከ ዛሬ ያነሱታል።

እውነቱን ለመናገር በዚያ ጭቅጭቅ ሁለቱም ትክክል ነበሩ። በሱቅ ንግድ ዕቃው፣ ብሩና ገዢው አንድ ባንኮኒ ላይ ይገናኛሉ። መንገዱን ገዢው በራሱ ኪስ ከፍሎ ይመጣል፤ ያ ወጪ የማንም ደረሰኝ ላይ ስለማይገባ የለም ተብሎ ይረሳል። ኦንላይን ሲሆን ሦስቱም ይለያያሉ፤ ዕቃው ሞተር ላይ፣ ብሩ ስልክ ውስጥ፣ ገዢዋ ቤቷ። የተረሳው የመንገድ ወጪ ያኔ ስም ያለው ሂሳብ ሆኖ ይመጣል። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ከ2011 መጨረሻ ወዲህ ሞተር የሚሠራው በፈቃድ ስለሆነ ርካሽ ሞተረኛ መጠበቅ ዘበት ነው። መሄጃውን ማን ይከፍላል፣ ካልሆነ መመለሻውን ማን ይከፍላል የሚለው ሞተሩ ሳይነሳ ካልተጻፈ በር ላይ ያጣላል። ቻናል ላይ የተጻፈ ነገር ወሬ ብቻ ነው የሚል ነጋዴ ካለ፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ን ያንብብ፤ መልእክት ወረቀት ላይ ስላልሰፈረ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አያጣም።

ስለ ቁጥሩ ደግሞ ጋሼ ሱቅ ውስጥ በቁጥር ሸጠው አያውቁም። ሴትየዋ «39» ስትል እግሯን አንዴ ያዩና 38 ያወጣሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ይሆናል። ቻናል ላይ ግን ያ ዓይን የለም፤ ያለው ቁጥሩ ብቻ ነው። የቻይና ጫማ ሳጥን ላይ ከ39 አጠገብ 245 ተብሎ ይጻፋል። ሚሊ ሜትር ነው፤ 24 ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ለሆነ እግር የተሠራ ማለት ነው። 240 ከሆነ 38፣ 235 ከሆነ 37። በቃል ለማስላት የጫማው ቁጥር ላይ 10 ደምሮ ለሁለት ማካፈል ነው። የሲኤምሲዋ ልጅ እግሯን ለክታ ብትልክ 24 ሆኖ ይገኝ ነበር፤ 39 የምታደርገው የለመደችው ጫማ ጫፉ ሹል ስለሆነ ነው። ሹል ጫማ ጣት ስለሚይዝ አንድ ቁጥር ከፍ ይደረጋል፤ ያዘዘችው ግን ስኒከር ነው፤ ስኒከር ላይ ያው ቁጥር ይሰፋል።

እግር ሲለካ ወረቀት መሬት ላይ ተነጥፎ፣ ተረከዝ ግድግዳ ነክቶ፣ ቆመው ነው። ተቀምጠው ከሆነ እግር ያጥራል። እርሳሱ ቀጥ ብሎ ይያዛል፣ ምልክቱ ረጅሙ ጣት ጫፍ ላይ ይደረጋል፤ ረጅሙ ሁልጊዜ አውራ ጣት አይደለም። ሁለቱም እግር ይለካና ትልቁ ይወሰዳል። ማታ ማታ እግር ስለሚያብጥ ጠዋት የተለካ ልክ ያሳስታል።

የእህታቸው ልጅ ይህን ተምራ በማግስቱ ከየጫማው ፎቶ ሥር ሴንቲ ሜትር ጻፈች። ሰው እንደገና ጫማ መለሰ፤ አሁን ደግሞ «ጠበበኝ» እያለ። የለካችው የውስጥ ሶሉን ነበር። ሶል ከእግር በአንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ጣት መንቀሳቀሻ ያስፈልገዋል። እግሯ 25 የሆነ ሴት «25» የሚል ስታይ ታዝዛለች፤ ጫማው ግን ለ24 እግር ነው። መጻፍ ያለበት «እግርሽ ይህን ያህል ከሆነ ይህን ቁጥር» ነው፤ የሶሉን ርዝመት ገዢ ምን ያደርግለታል?

ብሩን በተመለከተ ሱቁ አልተጎዳም፤ ምክንያቱም ጋሼ ስክሪንሾት አይገባቸውም። «ላከች» ሲባሉ «የት አለ?» ነው የሚሉት። ቴሌብር በ2013 ግንቦት ከጀመረ ወዲህ ስንቱ ሱቅ በስክሪንሾት ዕቃ አስረክቧል። የውሸት ደረሰኝ መሥራት የደቂቃ ሥራ ነው፤ ስም፣ መጠንና ቀን መቀየር ብቻ። የሚረሱት ቁጥሩን ነው። የንግድ ባንክ የዝውውር ቁጥር ኤፍቲ (FT) ብሎ ይጀምርና ሁለት አኃዝ የፈረንጁን ዓመት፣ ቀጥሎ ሦስት አኃዝ የዓመቱን ስንተኛ ቀን ይናገራል። ኤፍቲ25044 የ2025 44ኛ ቀን፣ ማለትም የካቲት 6 ቀን 2017 ነው። ደረሰኙ ላይ መጋቢት ተጽፎ ቁጥሩ 044 ካለ የቆየ ደረሰኝ ነው የታደሰው። የአንድ ቀን መዛነፍ ግን ማታ የተላከ ሊሆን ስለሚችል ሰው አያስወነጅልም። ከሁሉም የሚበልጠው የራስን ሂሳብ ከፍቶ ማየት ነው። ሞተረኛው የገዢን ስልክ አይቶ እንዳያስረክብ፤ ከሱቅ «ገብቷል፣ ስጥ» የሚል ስልክ ይጠብቅ። ኔትወርክ ሲጠፋ ታማኟ ደንበኛም አብራ በር ላይ ትቆማለች፣ ትቆጣለችም፤ ለዚህ መድኃኒት የለውም።

ያ የሲኤምሲ ሂሳብ መጨረሻው እኩል መካፈል ሆነ፤ 125፣ 125። ማንም አልተደሰተም። ከዚያ ወዲህ ቻናሉ ላይ ዋጋው በግልጽ ተጻፈ፣ «ነጻ» የሚለው ጠፋ፣ የመሄጃ ሂሳብ በቅድሚያ እንደ ቀብድ ይገባል። ቁጥር ከተሳሳተ መመለሻው የገዢ፣ ዕቃው ፎቶው ላይ ያለው ካልሆነ ወይም እንከን ካለው የሱቁ ነው። እግሯን ያልለካች ደንበኛ ስታዝ ደግሞ ሞተረኛው ሁለት ተከታታይ ቁጥር፣ 38 እና 39፣ ይዞ ይሄዳል፤ አንዱን ታስቀራለች። የሞተር ሂሳቡ ያው አንድ ነው።

ይህኛው ዘዴ የጋሼ ነው፤ ይሠራልም። ያልታሰበው ነገር ሞተር ላይ የዞረው ሁለተኛው ጥንድ መደርደሪያ ላይ አለመኖሩ ነው። የበዓል ሰሞን ሱቅ የገባች ሴት 38 ትጠይቃለች፣ 38ቱ ወደ አያት ሰፈር መንገድ ላይ ነው። ሲመለስም ጋሼ ደረጃው ሥር ላገኙት ደንበኛ ይሸጡታል፣ ለእህታቸው ልጅ ሳይነግሩ። እሷ ቻናሉ ላይ «አለ» ብላ ለሌላ ሰው ቀብድ ተቀብላበታለች። «የትኛውን ነው የሸጡት?» ስትላቸው «ያለውን ነዋ» ይላሉ።