ያለ ሸክም በደንገጎ

ድሬዳዋ ተወልዶ ላደገ ልጅ፣ ወደ ሐረር የሚያወጣው የደንገጎ ጋራ ማለት ትውከት ነው። ይቅርታ፣ ግን እውነቱ ይኸው ነው። ልጅ ሆነን ሐረር አክስቴ ጋ ስንሄድ እናቴ በአንድ እጇ ሎሚ፣ በሌላው ፌስታል ይዛ ነበር የምትሳፈረው። መኪናው መጠምዘዝ ሲጀምር ዓይኔን እጨፍናለሁ። ስገልጠው ሐረማያ ደርሰናል፤ አየሩ ቀዝቅዟል፤ ጋራው አልቋል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ 46 ዓመት ሞላኝ። ከግቢዬ ወጥቼ ቀና ባልኩ ቁጥር ፊት ለፊቴ ተገትሮ የማየውን ጋራ አንድ ቀን እንኳ በእግሬ ረግጬው አላውቅም ነበር።

አባቴ ነፍሱን ይማረውና የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። «ባቡሩ ዳገት ፈርቶ ነው እኛ የተወለድነው» ይል ነበር። ቀልድ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ሳነብ ለካ እውነቱን ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። ሐረር ግን ከዚህ ጋራ ጀርባ፣ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ያን ሁሉ ዳገት ሐዲድ ይዞ መውጣት አስቸጋሪም ውድም ስለሆነ መስመሩ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተወሰነ። በ1895 ዓ.ም ባቡሩ ከጋራው ግርጌ ሲደርስ እዚያው ከተማ በቀለ። መጀመሪያ ላይ «አዲስ ሐረር» ሁሉ ተብሎ ነበር። እንግዲህ ይሄ ጋራ ባይኖር የድሬው ከዚራ ሰፈር የለም፣ እኔም የለሁም።

በእግር የመሄዱን ነገር ያመጣው ሐኪም ነው። ስኳርሽ ከፍ እያለ ነውና ተራመጂ አለኝ። ከዚራን ዞርኩት። በየአምስት ሜትሩ «አቦ፣ ወዴት ነው?» የሚል ሰው ያስቆመኛል። ቆሜ አወራለሁ። ሻይና ሳምቡሳ ይከተላል። ስኳሩ በየት በኩል ይውረድ?

ጥቅምት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ የሐረር ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አዎ፣ ዳገቱን የወጣሁት በመኪና ነው። አላፍርም። ሎሚዬን ይዣለሁ፤ ዓይኔን ግን አልጨፈንኩም። አናቱ ላይ ስንደርስ «ወራጅ አለ» አልኩ። ረዳቱ ዞር ብሎ አየኝ።

«እዚህ ዘመድ አለሽ?»

«የለኝም።»

«ታዲያ ምን ልትሠሪ ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ሂሳቤን ከፍዬ ወረድኩ።

ደንገጎ መገንጠያ ናት። አንዱ መንገድ ወደ ድሬ ይወርዳል፣ አንዱ ወደ ሐረር ይሄዳል፣ ሌላው በቁልቢ አድርጎ አዲስ አበባ ይገባል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሲቃረብ ይሄ መገንጠያ በእግረኛ ይሞላል። ስለት ያለበት ሰው ከድሬ ተነስቶ፣ ሌሊቱን ሲወጣ አድሮ፣ ለቁልቢ ገብርኤል ይደርሳል። እናቴም ወንድሜ ታሞ በዳነበት ዓመት ጫማዋን አውልቃ ወጥታዋለች። ከተመለሰች በኋላ አንድ ሳምንት እግሯን በሞቀ ውሃና ጨው ስትነክር አስታውሳለሁ። «እንዴት ነበር?» ስንላት «ብርድ ነው» ብቻ ነበር መልሷ።

ብርዱስ ልክ ናት። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፤ እዚህ ከ2,000 በላይ ነው። ከቤት የወጣሁት በስስ ሸሚዝ ነበር። ነፋሱ ከሐረማያ በኩል እየመጣ ጆሮዬን ያፏጨዋል። ነጠላዬን ሁለት ዙር ጠመጠምኩና ከአስፋልቱ ወጣሁ። እግረኛ የሆነ ሰው እዚያ አስፋልት ላይ ባይሄድ ይመከራል። ጫት የጫኑት መኪኖች ይከንፋሉ። ጫት ከጠወለገ ዋጋ የለውምና ሹፌሮቹ ለኩርባም ለሰውም አይራሩም።

ከመንገዱ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ስርቅ የመኪናው ድምፅ ጠፋ። የቀረው ነፋስና የልጆች ጩኸት ነው። ማሽላው ሊደርስ ተቃርቧል፤ ራሱን ደፍቷል። በየማሳው መሐል ማማ አለ፤ ማማው ላይ ወንጭፍ የያዘ ልጅ ቆሟል። ወፍ ሲያርፍ ይጮሃል፣ ወንጭፉ «ጯ!» ይላል፣ ወፎቹ ተነስተው ቀጣዩ ማሳ ላይ ያርፋሉ። የዚያኛው ልጅ ደግሞ ይጮሃል። ወፎቹ እንዲህ ከማማ ወደ ማማ ሲባረሩ ይውላሉ። እኔ ደግሞ ቆሜ ሳይ ሰዓቱ አለፈ።

ጫቱ በድንጋይ እርከን ላይ ነው። እርከኑ ደረጃ በደረጃ ገደል አፋፍ ድረስ ይሄዳል። ከታች ሆኖ ለሚያይ ሰው ይሄ ጋራ አንድ ወጥ ግድግዳ ነው። እዚህ ሲመጡ ግን እያንዳንዱ ድንጋይ በሰው እጅ የተቀመጠ ነው።

አንድ ሽማግሌ እርከን እየጠገነ አገኘሁ። «አከም» አልኩት፤ ሰላምታው በኦሮምኛ ረዘም ብሎ ሄደ፤ ከዚያ እኔ ስጨርስ እሱ ወደ አማርኛ መጣልኝ። (ከመሐል አገር የምታነቡ፣ «ሽማግሌ አንተ ትያለሽ እንዴ?» እንዳትሉኝ። ድሬ ላይ አንቱ የሚባል ሰው የለም። አባቴንም አንተ ብዬ ነው ያደግኩት።) ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ሸክምሽ የት አለ?»

«የለኝም፣ አባባ።»

«ስለት ነው?»

«አይደለም።»

«ከብት ጠፋሽ?»

«ኧረ ዝም ብዬ ነው። ልሄድ ብዬ።»

ድንጋዩን አስቀመጠና ሳቀ። ሚስቱን ጠርቶ በኦሮምኛ ነገራት፤ እሷም ሳቀች። እዚህ አገር ሰው የሚሄደው እንጨት፣ ጫት፣ ወተት ወይም ስለት ይዞ ነው። ባዶ እጁን ገደል ለገደል የሚዞር ሰው ወይ ታሟል ወይ ተጣልቷል። «ሐኪም አዞኝ ነው» ስል ነገሩ ገባቸው። ለካ ታማ ነው ተባባሉ፤ ቤት ገብቼ ካልተቀመጥኩ ሞቼ እገኛለሁ አሉ። በወተት የሚፈላው ሆጃ ቀረበልኝ። ወተቱ የጭስ ሽታ አለው። ሁለት ስኒ ጠጣሁ። ስኳር የለበትም፤ ጨው ነው ያለበት፤ ስለዚህ ሐኪሙን አልበደልኩም።

ቤቱ ልክ የጋራው ጀርባ ላይ ነው የተሠራው። ቆርቆሮው ሁለት ተዳፋት አለው። ሽማግሌው በከዘራው ወደ ላይ ጠቆመኝ። «ዝናብ ሲመጣ በዚህ በኩል ያረፈው ወደ እናንተ ወደ ድሬ ይወርዳል። በዚያ በኩል ያረፈው ወደ ሐረማያ ይሄዳል።» መጀመሪያ እንደ ቀላል ነገር ነው የሰማሁት። ቆይቼ ነው የገባኝ። የአዋሽና የዋቢ ሸበሌ ተፋሰሶች የሚለያዩት እዚህ ጋራ ላይ ነው። ትምህርት ቤት ካርታ ላይ በሰማያዊ መስመር የሣልነው ነገር የአንድ ገበሬ ጣራ ላይ ተቀምጧል።

ወደ ድሬ የሚወርደው ውሃ ሲባል ድሬዎች ሌላ ነገር እናስባለን። በ1998 ዓ.ም፣ ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ያኔ ከወላጆቼ ጋር ነበር የምኖረው። አባቴ ከእንቅልፉ ባንኖ «የምን ባቡር ነው?» አለ። ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ ግን የባቡር ሰዓት ከጭንቅላቱ አልወጣም። በዚያ ሰዓት የሚመጣ ባቡር አልነበረም። ጠዋት ወጥተን ያየነውን አልጽፈውም። ዓመቱን ሙሉ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ደረቅ አሸዋ ነው ያን ያደረገው።

ይሄን ለሽማግሌው ነገርኩት። «ያን ሌሊት እኛም አልተኛንም» አለኝ። «ከላይ ሲወርድብን ታች ያለው ሰው ምን ይሆን ብለን ነበር። ግን በምን እንንገራችሁ?» ከዚያ ከዘራውን ይዞ ወደሚጠግነው እርከን ወሰደኝ። ድንጋይ አነሳሁ። ሦስት ብቻ ነው ያስቀመጥኩት፤ አንዱን አፍርሶ እንደገና ሠራው። ውሃ የሚሮጠው የሚይዘው ሲያጣ ነው፣ አለኝ፤ እርከኑ ቀስ ያሰኘዋል።

ቁልቁለቱን በአቋራጭ ወረድኩ። መንገዱን የሚያሳይ የልጅ ልጁን ላከልኝ። አሥር ዓመት ቢሆነው ነው፤ በሸበጥ ጫማ እንደ ፍየል ይዘላል። እኔ በስፖርት ጫማ እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ። ቁልቁለት ቀላል ነው ያለ ማነው? ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ልጁ ዱላ ቆርጦ ሰጠኝ።

በወረድን ቁጥር አንድ ልብስ እናወልቃለን። መጀመሪያ ጥድና ባሕር ዛፍ። ከዚያ ቁልቋልና እሬት። ከዚያ ግራር፤ ነጠላዬ ቦርሳ ገባ። አየሩም እንደዚያው፤ አንድ ኩርባ ላይ ሙቀቱ ልክ የምጣድ ክዳን እንደተከፈተ ፊቴን መታኝ። ወዲያው ሽታውን አወቅኩት። የቤቴ ሽታ ነው።

አስፋልቱን ስንሻገር ዝንጀሮዎቹ የመንገዱን ጠርዝ ይዘው ተቀምጠዋል። መንገደኛ ሙዝና ዳቦ እየወረወረ አበላሽቷቸዋል። አንዱ የእኔን ቦርሳ በትዝብት አየው። ልጁ ድንጋይ ሲያነሳ ገለል አለ።

ከመንገዱ ብዙም ሳይርቅ ሐርላ አለች። ትላልቅ ድንጋዮቿን ያዩ አባቶች ድሮ ግዙፍ ሰዎች ነበሩባት ይላሉ። አርኪዮሎጂስቶች ሲቆፍሩ ያገኙት ግን መስጊድና የጌጣጌጥ መሥሪያ ቦታ ነው፤ መስጊዱ 12ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ይሄዳል። ከሩቅ አገር በንግድ የመጣ ዶቃና የቻይና ሸክላም ወጥቷል። ግዙፍነት አይደለም እንግዲህ፤ ንግድ ነው። ድሬዎች ነጋዴነቱን ባቡሩ ያመጣልን ይመስለናል። እነዚያ ግን ከባቡሩ በፊት ብዙ መቶ ዓመት ቀድመውናል። ልግባና ልይ ብዬ አሰብኩ፤ ጉልበቴ እምቢ አለ። ለሌላ ቀን።

ልጁ ከዚያ ተመለሰ። ገንዘብ ብሰጠው አልቀበልም አለ፤ የቀረኝን ብስኩት ወሰደ።

እስካሁን ያልነገርኳችሁ አንድ ፌስታል አለ። ከቤቱ ስወጣ ሽማግሌው «ባዶ እጅሽን አትወርጂም» ብሎ አሥር ራስ የማሽላ እሸት አሸከመኝ። ሴት ልጁ ድሬ፣ አሸዋ ገበያ ሽንኩርት ትቸረችራለች፤ ለልጆቿ አድርሺልኝ አለ። ስሟንና የምትቀመጥበትን ነገረኝ። ያን ፌስታል ይዤ ያን ሁሉ ገደል ወረድኩ። መሐል መንገድ ላይ አንዷን ልብላት ብዬ ነበር። አልበላሁም።

አሸዋ ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ፊቴ አቧራ ነው፤ ዱላዬን አልጣልኩም። ሴትየዋን አላጣኋትም፤ አፍንጫዋ የአባቷ ነው። ፌስታሉን ስሰጣት እሸቱን አሸተተችው።

«በመኪና ነው የመጣሽው?»

«በእግሬ።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ፤ ልክ እንደ አባቷ።

«ታዲያ ስለት ነው?» አለችና የምትቀመጥበትን በርጩማ ለቀቀችልኝ።