ከታች ስንፈልገው ከላይ ተገኘ

ሰሞኑን ቪትዜ መብራት ላይ ስትቆም የተቃጠለ ዘይት ይሸተኝ ነበር። ትናንት ማታ ከሥሯ ካርቶን ዘርግቼ አደርኩ፤ ጠዋት ሦስት ጥቁር ጠብታ። ቀይ ቢሆን ካምቢዮውን፣ አረንጓዴ ቢሆን ራዲያተሩን እጠረጥር ነበር። ይሄ ግን የሞተር ዘይት ነው።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ ከሥር አጎንብሶ አየና «ሞተሩ ካልወረደ አይሆንም» አለኝ። ወገቤ ቁርጥ አለ።

ሁለተኛው ጋ ያገኘኋቸው አዛውንት መካኒክ ከሥር አልገቡም። ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩን አጠቡ፣ በጨርቅ አደረቁና «ልጄ፣ ሃያ ደቂቃ ነድተህ ና» አሉኝ። ስመለስ በባትሪ እያበሩ ከላይ ጀምረው አዩ። ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ክዳን ጠርዝ አዲስ ዘይት ያብረቀርቃል! የሚሸተኝም እሱ ወርዶ የጋለው የጭስ ማውጫ ላይ ሲንጠባጠብ ነው። ከክዳኑ ሥር ዘይት እንዳይወጣ የሚያሽገው ጋስኬት ሲወጣ ላስቲክነቱ ጠፍቶ እንደ ደረቅ ፓስታ ቀጭ አለ። አንዱ የካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ጉድጓድም ዘይት ቋጥሯል።

አዲሱን ሲገጥሙ ቡሎኖቹን ከመሃል ወደ ዳር፣ በስሱ ነው ያሰሩት። ረዳታቸው ጠበቅ ሊያደርግ ሲል «ተው! አሉሚኒየም ነው፣ ጥርሱን ትበላዋለህ» ብለው ቁልፉን ቀሙት።

ዛሬ ማታም ካርቶን ዘርግቻለሁ። (የፍሪጁ ካርቶን መሆኑን ባለቤቴ ገና አላወቀችም።)