የትም የማያደርስ መንገድ

እማዬ የመንዝ ልጅ ናት። አዲስ አበባ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖራለች፣ ግን አሁንም የመንዝ ልጅ ናት። ባለፈው ግንቦት ለንደን እኔ ጋ መጥታ አንድ ወር ተቀመጠች። ቢግ ቤን ወሰድኳት፤ ቀና ብላ አየችውና "ሰዓት ነው" አለች። አለቀ። ለማየት የጓጓችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጃንሆይ በስደት የተቀመጡበትን ቤት።

ቤቱ ባዝ ከተማ ነው ያለው። ከፓዲንግተን በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። መንገዱን ሙሉ በመስኮት በጎች ስትቆጥር ነበር። "ላታቸውን ምን አደረጉት?" አለችኝ በስተመጨረሻ። የእንግሊዝ በግ ላት የለውም አልኳት። አዘነችላቸው።

ፌርፊልድ ሃውስ ከከተማው በስተምዕራብ ነው። ንጉሡ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1940 ኖረውበታል፤ በ1958 ደግሞ ለአረጋውያን መገልገያ እንዲሆን ለባዝ ከተማ ሰጡት። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ነጠላዋን አስተካክላ እጅ ነሳች። ስለዚያ ቤት ብዙ የጻፉ አሉ። እኔ መጻፍ የፈለግኩት ስለ ማግስቱ ነው።

ማግስቱን "ዎክ እናድርግ" አልኳት።

"የት?"

"እዚህ ኮረብታው ላይ። አሥር ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው።"

"ማን ጋ ነው የምንሄደው?"

"ማንም ጋ። ዞረን እንመለሳለን።"

ዝም አለች። እውነቷን ነው። እሷ ባደገችበት አገር ሰው ለገበያ ይሄዳል፣ ለወፍጮ ይሄዳል፣ ለንግሥ ይሄዳል፣ ለለቅሶ ይሄዳል። ዞሮ ለመመለስ የሚሄድ የለም። ቢሆንም ሸራ ጫማዋን አጠለቀች።

መንገዱ ባዝ ስካይላይን ይባላል። ከከተማው በላይ ያሉትን ኮረብቶች ይዞራል፤ አብዛኛው የሚያልፈው ናሽናል ትረስት የሚባለው የቅርስ ጠባቂ ድርጅት በሚያስተዳድረው መሬት ላይ ነው። እኛ የጀመርነው ከባዝዊክ ሂል ነበር። ዳገቱ ላይ እኔ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ጂም የምሠራው፣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ አለ። እማዬ ከፊት ከፊት እየሄደች "ይሄም ዳገት ተብሎ!" ትላለች።

ሜዳው ጋ ስንደርስ አንድ በር አለ። እንግሊዞቹ "መሳሳሚያ በር" ይሉታል። አሠራሩን ልንገራችሁ። በሩ የሚወዛወዘው ግማሽ ክብ በሆነ ጠባብ አጥር ውስጥ ነው። ገፋ አድርገህ ትገባና ጥጉ ላይ ትለጠፋለህ፤ በሩን በፊትህ ወደ መጣህበት ትመልሰዋለህ፤ ከዚያ በሌላው በኩል ትወጣለህ። ሰው ያልፋል፣ ላም አታልፍም። ቁልፍ የለ፣ መወርወሪያ የለ፣ ክፍት ትቶት የሚሄድ ሰው እንኳ ቢፈልግ አይችልም። እማዬ ሦስት ጊዜ ተመላለሰችበት። ቢግ ቤን ያላገኘውን አድናቆት ይሄ በር አገኘ።

ከሜዳው ላይ ከተማው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጎድጓዳ ላይ የተቀመጠ፣ ሁሉም ቤት አንድ ቀለም። "በአንድ ቀን የተጋገረ ድፎ ዳቦ ይመስላል" አለች። ከዚህ የተሻለ ገለጻ አላገኘሁም። ድንጋዩ ያው የአካባቢው ድንጋይ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ስሞልኮም ጫካ ውስጥ ስንገባ እማዬ ቆም ብላ አሸተተች። "ወጥ የሚሠራ ሰው አለ እንዴ?" የጫካ ነጭ ሽንኩርት ነበር። በዚያ ወር መሬቱን በሙሉ ይሸፍነዋል፤ ሰፋፊ አረንጓዴ ቅጠል፣ ከላዩ ላይ እንደ ኮከብ የተበተነ ነጭ አበባ። አንድ ቅጠል ቀጥፋ አኘከችና "በርበሬ ብቻ ነው የጎደለው" አለች። እኔ ፎቶ ላነሳ ከመንገዱ ወጣ ስል ሳማ እግሬን ለበለበኝ። የሳማን ነገር ለእናቴ ማስተማር አያስፈልግም። ዓይኗ ቶሎ ብሎ ቱልት የሚመስል ሰፊ ቅጠል ፈለገ፣ ጨመቀችና አሸችልኝ። ውሻ ይዞ የሚያልፍ ሽማግሌ አየንና አውራ ጣቱን አነሳ። ለካ እነሱም ልጆቻቸውን እንዲሁ ነው የሚያሹት።

ሰላምታው ደግሞ ሌላ ነው። ለንደን ውስጥ ጎረቤትህ እንኳ አንገቱን ደፍቶ ያልፍሃል። ጫካ ሲገቡ ምን እንደሚነካቸው አላውቅም፤ ያገኘነው ሁሉ ሰላም ይለናል። እማዬም ለሁሉም "እንደምን አደራችሁ" እያለች መለሰች። አንድም ያልገባው ሰው አልነበረም።

ከመንገዱ ትንሽ ወጣ ብለን ፕራየር ፓርክ ገባን። ነገሩ እዚህ ነው ያለው። ራልፍ አለን የሚባል ሰው ነበር፤ 18ኛው ክፍለ ዘመን ላይ መጀመሪያ ከፖስታ ሥራ ሀብታም ሆነ፣ ከዚያ የኮም ዳውንን የድንጋይ ካባ ገዛ። ድንጋዩን ከኮረብታው ወደ ወንዙ የሚያወርድ ሐዲድም አሠራ። ከዚያ ከከተማው በላይ ትልቅ ቤት ገነባ፣ ድንጋዩ ምን ያህል እንደሚያምር ሰው ሁሉ እንዲያይለት። ቤቱ ራሱ ቢልቦርድ ነበር ማለት ነው። ከቤቱ በታች ሸለቆውን የአትክልት ቦታ አደረገው፤ ገጣሚው አሌክሳንደር ፖፕ ምክር ሰጥቶታል፤ ኋላ ላይ ኬፓቢሊቲ ብራውን የሚባለው የአትክልት ቦታ ነዳፊም እጁን አስገብቷል። ዛሬ ስታየው እግዜር እንዲሁ የፈጠረው ሸለቆ ይመስላል። ዛፉ የት እንደሚቆም፣ ሣሩ የት ጋ ወደ ውሃው እንደሚወርድ፣ ሁሉም ታስቦበት የተሠራ ነው።

ታች ውሃው ላይ በ1755 የተሠራ ድልድይ አለ። ጣሪያና አምዶች ያሉት፣ ድልድይ ላይ የቆመ አዳራሽ። እንዲህ ዓይነት ዓለም ላይ አራት ብቻ ነው ያለው፤ ሦስቱ እንግሊዝ፣ አንዱ ሩሲያ። እማዬ ግን ዓይኗ ያረፈው ግድግዳው ላይ ነው። ሰዎች ለዘመናት ስማቸውን ፈልፍለውበታል። አንዳንዱ ጽሑፍ በጥንቃቄ የተቀረጸ ነው፣ ፊደሉ ሁሉ እግር አለው። "የድሮ ባለጌ እንኳ ጽሕፈቱ ያምራል" አለች።

ሣሩ ላይ ተቀምጠን የያዝነውን ቆሎ ስንበላ ጠየቀችኝ።

"ይሄ ሣር መቼ ነው የሚከፈተው?"

ወዲያው አልገባኝም። ኋላ ነው ጓሳን እያሰበች እንደሆነ የገባኝ። መንዝ ላይ የጓሳ ሣር የጋራ ነው። ለዓመታት ተዘግቶ ይጠበቃል፤ ቀኑ ሲደርስ ይከፈትና አገሬው ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት። የተዘጋ ሣር አንድ ቀን ይከፈታል፣ እሷ የምታውቀው ይሄንን ነው።

"ይሄኛው አይታጨድም፣ እንዲታይ ብቻ ነው" አልኳት። "ድሮ የአንድ ሀብታም ነበር። በፈረንጆቹ ከ1993 ጀምሮ የናሽናል ትረስት ነው፣ ሰው ሁሉ ከፍሎ ይገባል።"

"ለማየት?"

"ለማየት።"

ቆሎዋን ቆረጠመች። "እንግዲህ ተከፍቷል ማለት ነው።"

ሬይንቦው ዉድ አጠገብ ላሞች መንገዱ ላይ ቆመው ጠበቁን። እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ላም የማውቀው በኪሎ ነው። እማዬ ጀርባ ተደበቅኩ። እሷ እጇን አንዴ ወዘወዘችና በአፏ የሆነ ድምፅ አወጣች። መንዝኛ የገባቸው ይመስል ዞር አሉልን። ከዚያ በኋላ ያለው ክላቨርተን ዳውን ሜዳ ነው፣ ሰፊ፣ ነፋሻ፤ ስለሱ የማስታውሰው አዲሱ ስኒከሬ ተረከዜን መላጡን ብቻ ነው።

መጨረሻ አካባቢ ከዛፎቹ መካከል ቤተ መንግሥት ብቅ አለ። ግንብ፣ ማማ፣ የቀስት በር። ሻም ካስል ይባላል። እማዬ ፎቶ እንዳነሳት በሩ ሥር ቆመች፣ ከዚያ ውስጡን ለማየት አልፋ ገባች። ወዲያው ሳቋ ተሰማኝ።

"ነይ እስቲ! ምንም የለውም!"

ከኋላው ምንም የለም። አንድ ግድግዳ ብቻ ነው። ያው ራልፍ አለን በ1762 ያሠራው፣ ከተማ ካለው ቤቱ ቀና ሲል ኮረብታው ላይ የሚያምር ነገር እንዲታየው ብሎ። ስነግራት ዓይኗን እስኪያጠፋት ሳቀች። "ከሩቅ ለማየት! ዘበኛ እንኳ የማያስጠልል!"

ከዚያ ቁልቁለቱን ወረድን። እኔ እያነከስኩ፣ እሷ የነጭ ሽንኩርት ቅጠል በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ። ባዝዊክ ሂል ስንደርስ ቆም አለች።

"ይሄ ጠዋት ያለፍንበት በር አይደል?"

"ነው።"

በሩን አየችው፣ የተላጠ እግሬን አየችው።

"ታዲያ ጠዋትኑ ደርሰን ነበራ!"