እናት ዛፍ ፍለጋ በጎንደር

ከባሕር ዳር ተነሥቼ በአዘዞ በኩል ጎንደር የገባሁት በሚያዝያ መጨረሻ ሲሆን፣ የመጣሁበት ጉዳይም ከፋሲል ግንብ ይልቅ ከከተማው ዳር ያለ አንድ የችግኝ ጣቢያ ነበር። የአገር በቀል ዛፎችን ችግኝ አፈላል ለአንድ ሳምንት በእጄ እየሠራሁ ለመማር ፈልጌ ነበር።

የተቀበሉኝ እናት ሥራውን ያስጀመሩኝ በወይራ ነው። የወይራ ፍሬ ሥጋው ሲላጥ የሚቀረው ጠንካራ ቅርፊት ጽንሱ እንዳይወጣ ስለሚያግደው፣ ውስጡ ሳይጎዳ ቅርፊቱን መሰንጠቅ ያስፈልጋል። መዶሻውን ባጠነከርሁ ቁጥር ዘሩ አብሮ ይደቅቅ ነበር። «ልጄ፣ ቅርፊቱን ነው እንጂ ዘሩን አትምታ» አሉኝና እጄን ይዘው አሳዩኝ። የግራር መላ ግን ሌላ ነው፤ ሽፋኑ ውኃ ስለማያስገባ፣ ከእሳት የወረደ የፈላ ውኃ ይፈስበትና እዚያው እየቀዘቀዘ ያድራል።

ለጥድ ዘር ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄድን። ቤተ ክርስቲያኑን ከከበቡት ጥዶች መካከል ፍሬ የሚይዙት ሴቶቹ ብቻ ናቸው፤ ወንዴና ሴቴ አበባው አብዛኛውን ጊዜ በተለያየ ዛፍ ላይ ይገኛልና። ከአገልጋዮቹ ፈቃድ አግኝተን ጠቆር ያለውን፣ የበሰለውን ፍሬ ለቀምን፤ እማማ ግን ከአንድ ዛፍ ጥቂት ብቻ ወስደን ወደ ሌላው እንድናልፍ አጥብቀው አሳሰቡኝ። ከአንድ እናት የተገኘ ዘር በሙሉ ወንድማማች ስለሆነ፣ በሽታ ወይም ድርቅ ሲመጣ አብሮ የመጎዳት ዕድሉ ሰፊ ነው። በየክረምቱ ስንት ችግኝ እንደ ተተከለ እንቆጥራለን፤ ዘሩ ከስንት እናት ዛፍ እንደ ተለቀመ ግን እምብዛም አንጠይቅም፤ ይህም እጅግ ያሳስበኛል። ዘሩን አጥበን ውኃ ውስጥ ስንጨምረው ብዙው ተንሳፈፈ፤ ተንሳፋፊው በአብዛኛው ባዶ ስለሆነ የሰጠመውን ብቻ አስቀረን።

በቁራጭ ማባዛት ከብዙ እናት ዛፎች ዘር የሚገኘውን ልዩነት አያስገኝም፤ ከአንድ ሾላ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ያንኑ ሾላ ነው የሚሆነው። ኦክሲን የተባለው ሆርሞን ከቡቃያው ወደ ታች እየወረደ በተቆረጠው ጫፍ ስለሚከማች ሥር የሚወጣው ከዚያ ነው፤ ስለዚህ ቁራጩ ተገልብጦ እንዳይተከል ታችኛው ጫፍ በሰያፍ ይቆረጣል። በማግሥቱ በፋሲል መዋኛ የድንጋዩን አጥር አቅፈው የወረዱትን የሾላ ወገን ሥሮች ሳይ፣ ወፍ ያደረሰችው ደቃቅ ዘር ያለ ሰው እጅ በግንብ ስንጥቅ ውስጥ እንደሚበቅል አሰብሁ።

በመጨረሻው ቀን የጥዱን ዘር አሸዋ በተቀላቀለበት መደብ ዘርተን በሣር ሸፈንነው። ጥድ ለመብቀል ሳምንታት ስለሚፈጅበት ስሰናበታቸው ከመደቡ ብቅ ያለ ነገር አልነበረም፤ እማማም ጠዋትና ማታ ውኃ እያርከፈከፉ እንደሚጠብቁት፣ የመጀመሪያዋ ቅጠል ስትታይም ሣሩን ቶሎ እንደሚያነሡ ነገሩኝ።